ፋይሉ አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አያገኘውም፦ ስለ ሼርድ ላይብረሪ ስህተቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ላይ ፀሐይዋ ዞር ስትል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ የቴሌግራም ድምፅ መልእክቶች መግባት ይጀምራሉ። «ኢንስቶል አድርጌ ጨርሻለሁ፣ ግን አልነሳም አለኝ።» ላኪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የመመረቂያ ጥናት ላይ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ የዝናብ ሞዴል ሊያስኬድ ነው። ሌላዋ በግሮማክስ የፕሮቲን እንቅስቃሴ ልታሰላ ነው። ሶፍትዌሩ ይለያይ እንጂ ሊኑክስ ላይ የሚወጣው ስህተት ያው ነው። አንዱን መልስ አሥር ጊዜ ከመድገም ብዬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ጥያቄውም መልሱም በድምፅ ስለሚመላለስ፣ ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው በአፍ እንደምንጠራቸው ነው። «ኤልዲዲ» ስል ሦስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ማለቴ ነው። ተርሚናሉ ግዕዝ አያነብም።

«ካናት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» የሚለው ምን ማለቱ ነው?

ሳይንሳዊ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። ማትሪክስ ማባዛት ሲፈልግ ኦፕንብላስን ይጠራል። ፉሪየር ሲያስፈልገው ኤፍኤፍቲደብልዩን። ትልቅ ዳታ ሲያስቀምጥ ኤችዲኤፍ5ን። እነዚህ ስማቸው ውስጥ «.ኤስኦ» ያለባቸው ፋይሎች ናቸው። አንዱን ፋይል ብዙ ፕሮግራም ስለሚጋራው ነው ሼርድ የተባሉት።

ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም የሚፈለጉትን ላይብረሪዎች ስም ያነብና ፍለጋ ይወጣል። ችግሩ፣ እጁ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ስም ብቻ ነው። ሰፈር የለም። እንግዳ ሰው መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር መሃል አውርዶ «አህመድን ፈልገህ አምጣ» እንደ ማለት ነው። ከዚራ ቢሆን መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቢያንስ አይጠፋበትም። መጋላ ግን የትኛው አህመድ? በየትኛው ቅያስ? ምልክት ያልነገሩት እንግዳ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሲላችሁ «በማውቃቸው ቦታዎች ፈልጌ አጣሁት» ማለቱ ነው። ማሽናችሁ ላይ የለም ማለቱ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ልዩነት ነው የሚነሳው።

እና ደግሜ ኢንስቶል ላድርገው?

አቦ፣ ተዉ! መጀመሪያ ፈልጉት።

ይህን የምለው ተምሬበት ነው። አንድ ሌሊት፣ ኢንተርኔቱ ሲፈጥን ነው ብዬ ነቅቼ፣ ያንኑ ሶፍትዌር ሦስት ጊዜ አወረድኩ። በመሃል መብራት ሁለቴ ሄደ። ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ሶርስ ኮዱ ወደሚነሳ ፕሮግራም ሲቀየር፣ የላፕቶፑ ሙቀት በድሬ ሙቀት ላይ ሲደመር አስቡት። ሊነጋጋ ሲል፣ ተስፋ ቆርጬ ፎልደሮቹን ሳገላብጥ፣ ፋይሉ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር። መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር፤ ከታች እነግራችኋለሁ።

ፍለጋው ቀላል ነው። «ፋይንድ» የሚለውን ትእዛዝ ከነጠላዋ ስላሽ ጀምራችሁ፣ «ሰረዝ ኔም» ብላችሁ፣ የጠፋውን ፋይል ስም ስጡት። ከተገኘ ችግሩ የአድራሻ ነው፤ ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ካልተገኘ በእርግጥም የለም። ያኔ ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ኤፒቲ-ፋይል» የሚባለው መሣሪያ ያ ፋይል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንደሚመጣ ይነግራችኋል። እሷን ብቻ ታወርዳላችሁ።

ሎደሩ የሚፈልገው የት የት ነው?

ሊኑክስ ላይ በቅደም ተከተል 5 ቦታ ያያል። የሐረር ልጆች የጀጎልን 5 ነባር በሮች አስቡ፣ ኋላ የተከፈተውን 6ኛውን ተዉት። ልዩነቱ፣ ሎደሩ ያገኘበት በር ላይ ይቆማል። ሌሎቹን አይዞርም።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ «አርፓዝ» የሚባል አድራሻ ካለ እሱን ያያል። ሁለተኛ፣ እናንተ ተርሚናል ላይ የምትሰጡትን «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» የሚባል ተለዋዋጭ። ሦስተኛ፣ እንደ አርፓዝ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈውን «ራንፓዝ»። አራተኛ፣ ሲስተሙ ያዘጋጀውን መዝገብ፣ ማለትም /ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የኤልዲ ካሽ ፋይል። መጨረሻ ላይ /ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ራንፓዝ ካለ አርፓዝ ጭራሽ አይታይም። ሁለቱም ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አርፓዝ ከእናንተ ትእዛዝ በፊት፣ ራንፓዝ ከእናንተ ትእዛዝ በኋላ ነው የሚመጣው። «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ አስተካክያለሁ፣ ግን አሁንም የድሮውን ነው የሚያነሳው» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የድሮ አርፓዝ ነው የያዘው።

የትኛው እንደጠፋ፣ የትኛውስ እንደተገኘ እንዴት ልወቅ?

«ኤልዲዲ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ስጡ። እያንዳንዱን ላይብረሪ ከየት እንዳገኘው ይዘረዝራል። ያላገኘው ፊት ለፊት «ኖት ፋውንድ» ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህንን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። የተገኙትንም አንብቡ። የፎርትራን ቋንቋ ላይብረሪው ኮንዳ ከሚባለው የፓኬጅ መጫኛ፣ ኤችዲኤፍ5ቱ ከሲስተሙ፣ የሳይንስ ዳታ የሚያነበው ኔትሲዲኤፍ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሞከራችሁት ፎልደር እየመጣ ከሆነ፣ ዛሬ ቢነሳም ነገ ጣጣ አለ።

ኤልዲዲን ከማታውቁት ቦታ በመጣ ፋይል ላይ አትሞክሩ። አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ለእንዲህ ያለው «ሪድኤልፍ ሰረዝ ዲ» ይሻላል፤ ምንም ሳያስነሳ የሚፈለጉትን ስሞችና የተጻፈውን አርፓዝ ወይም ራንፓዝ ያሳያል።

የፓይተን ተጠቃሚዎች «ፓይተን ላይ ኤልዲዲ አደረግኩ፣ ሁሉም ተገኝቷል ይላል» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ፓይተን ራሱ ደህና ነው። የታመመው ኢምፖርት የምታደርጉት ሞጁል ነው። ሳይት-ፓኬጅስ ፎልደር ገብታችሁ በሞጁሉ የ.ኤስኦ ፋይል ላይ ነው ኤልዲዲ የሚደረገው።

ይህ ሁሉ አልገልጥ ካለ «ኤልዲ ዲበግ» የሚባለውን ተለዋዋጭ «ሊብስ» ብላችሁ ከፕሮግራሙ ስም በፊት ጻፉት። ሎደሩ የረገጠውን ፎልደር በሙሉ ይለፈልፋል። ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ግን ውሸት የለበትም። እኔ ሰው ከመጠየቄ በፊት የማየው እሱን ነው።

«ሜክ ኢንስቶል» ያለ ምንም ስህተት አለቀ፣ ሲነሳ ግን ላይብረሪ የለም ይላል።

ያ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀመጠኝ ይሄ ነው። በእጅ ኮምፓይል የሚደረግ ነገር ሌላ ካልተባለ /ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ነው የሚገባው። ፋይሉ ይገባል፣ መዝገቡ ግን አይታደስም። «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ማለት ብቻ ነው። ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል፤ ኤልዲኮንፊግ መዝገቡን ያድሳል፣ የጎደሉ ሊንኮችንም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ ስሞችን) ይሠራል። በቃ።

ኡቡንቱና ዴቢያን /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብን ከመጀመሪያው ስለሚያውቁት ይህ ይበቃቸዋል። ፌዶራና ዘመዶቹ ግን በነባሪ አያውቁትም። እዚያ /ኢቲሲ ውስጥ፣ ኤልዲ-ኤስኦ-ኮንፍ-ዲ የሚባለው ፎልደር ላይ፣ መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ ትንሽ ፋይል ፍጠሩ። ውስጡ የፎልደሩን አድራሻ አንድ መስመር ጻፉና ኤልዲኮንፊግን አስኪዱ።

ሰርቨሩ ላይ ሱዶ የለኝም። ምን ላድርግ?

ለብዙዎቻችሁ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የጋራ ሰርቨር ላይ ሱዶ ማንም አይሰጣችሁም፤ ባይሰጧችሁም አልፈርድም።

መጀመሪያ «ሞጁል አቬይል» በሉ። ብዙ የስሌት ሰርቨሮች ላይ አስተዳዳሪው ኤችዲኤፍ5ን፣ ኦፕን ኤምፒአይን የመሳሰሉትን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። «ሞጁል ሎድ» ስትሉ አድራሻዎቹን ራሱ ያስተካክላል። ያለውን ሳያዩ ሁለት ቀን ኮምፓይል ሲያደርጉ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሌለ፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ትጭናላችሁ። ኮንፊገር ስታደርጉ «ፕሪፊክስ» በሚለው የራሳችሁን ፎልደር ስጡ። ከዚያ ሊንክ ሲደረግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከላይብረሪዎቹ ጋር ሲያያዝ፣ አድራሻውን እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፉት፤ ጂሲሲ ለሚባለው ኮምፓይለር የሚሰጠው «ሰረዝ ደብልዩኤል፣ ሰረዝ አርፓዝ» የሚባለው ነው። እንዲህ የተሠራ ፕሮግራም አድራሻውን ኪሱ ይዞ ይዞራል። ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ የምታዛውሩት ከሆነ በሙሉ አድራሻ ፈንታ «ዶላር ኦሪጂን» ተጠቀሙ። «እኔ ካለሁበት ፎልደር ጀምረህ ፈልግ» ማለት ነው። ዶላሯን ሼሉ (ተርሚናል ላይ ትእዛዝ የሚያነበው ፕሮግራም) እንዳይበላት በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ሸፍኗት።

ሶርሱ ከሌላችሁና ያለቀለት ፕሮግራም ከሆነ የያዛችሁት፣ «ፓችኤልፍ» አርፓዙን ገብቶ ይቀይርላችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የዛሬዎቹ ኡቡንቱዎች አርፓዝ ጻፍ ስትሏቸው የሚጽፉት ራንፓዝ ነው። ራንፓዝ ደግሞ ለፕሮግራሙ ቀጥተኛ ላይብረሪዎች ብቻ ነው የሚያገለግለው። ላይብረሪው ራሱ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ ካለ፣ የእናንተ አድራሻ ለእሱ አይሠራም። ለእንግዳው የነገራችሁትን አድራሻ የእንግዳው እንግዳ አያውቀውም እንበል። እያንዳንዱ ላይብረሪ የየራሱ ራንፓዝ እንዲኖረው አድርጋችሁ ሥሩ። አለበለዚያ ሊንከሩን «ዲሴብል ኒው ዲታግስ» በሉት፤ የድሮውን አርፓዝ ይጽፍላችኋል።

ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ይሠራል። ኢንስቶል ሳደርገው ይሞታል።

ሲሜክ የሚባለውን የቢልድ መሣሪያ ነው የተጠቀማችሁት? ሲሜክ ቢልድ ሲያደርግ አርፓዙን ራሱ ይጽፋል፤ ኢንስቶል ሲያደርግ ደግሞ ያጠፋዋል። ተበላሽቶ አይደለም፣ እንዲያ ነው የተሠራው። «ሲሜክ ኢንስቶል አርፓዝ» የሚለውን ተለዋዋጭ የኢንስቶል ፎልደራችሁን ሊብ ስጡትና እንደገና ሥሩት።

ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ባሽ-አርሲ ውስጥ ጽፌ ብገላገልስ?

ባሽ-አርሲ ተርሚናል በከፈታችሁ ቁጥር የሚነበብ ፋይል ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታገኙት መልስ ሁሉ ይሄ ነው። ይሠራል። ለአንድ ሙከራ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለዘለቄታው ግን አልመክርም፣ በዚህ ላይ ግትር ነኝ።

ምክንያቱም የምትነግሩት ለአንዱ ፕሮግራም አይደለም። ከዚያች ተርሚናል ለሚነሳው ሁሉ ነው። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ለሞዴሉ ብሎ የአናኮንዳን (ኮንዳን ይዞ የሚመጣውን ስብስብ) ሊብ ፎልደር ባሽ-አርሲ ውስጥ አስገባ። ሞዴሉ ተነሳ፣ ደስ አለው። በሳምንቱ ኮድ የምናወርድበት ጊት ማውረድ እምቢ አለ፤ ፋይል የምናወርድበት ከርልም ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀመረ። ጥፋቱን ወደ ኔትወርኩ አላከኩት፣ ኔትወርኩ ደግሞ ለመወቀስ የተመቸ ነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ለካ የሲስተሙ ፕሮግራሞች በራሳቸው ፈንታ የአናኮንዳን ላይብረሪ እያነሱ ነበር።

ሌሎች ጣጣዎችም አሉት። ሱዶ ስትሉ ተለዋዋጩ ለደህንነት ሲባል ይጣላል፤ «ያለ ሱዶ ይሠራል፣ በሱዶ አይሠራም» የሚባለው ከዚህ ነው። ሰዓት ጠብቆ ሥራ በሚያስነሳው በክሮን የሚነሳ ሥራም ባሽ-አርሲን አያነብም። ደግሞ ባዶ በነበረ ተለዋዋጭ ላይ የራሳችሁን ጨምራችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ከተረፈ፣ ያ ባዶ ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ተብሎ ይነበባል። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ፕሮግራም ስታስነሱ ከዚያ ላይብረሪ ያነሳል ማለት ነው። አያስደስትም።

የግድ ከሆነ ባሽ-አርሲን ተዉትና ፕሮግራሙን የሚያስነሳ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ። ተለዋዋጩን እዚያች ስክሪፕት ውስጥ ብቻ አስቀምጡት።

ሊብጂፎርትራን.ኤስኦ.3 ይፈልጋል። እኔ ያለኝ .5 ነው። ስሙን በሊንክ ባታልለውስ?

አታድርጉት። ይህንን የሚመክር ሰው ብዙ ነው፣ አንዳንዴም ይሠራል፤ ክፉ የሚያደርገው ያ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥር ለጌጥ አይደለችም። 3 ማለት እስከ ጂሲሲ 6 ያለው ነው። 4 የጂሲሲ 7 ነው። 5 ከጂሲሲ 8 ወዲህ ያለው። ቁጥሩ የሚቀየረው አዲሱ ከድሮው ጋር የማይግባባ ሲሆን ነው። በጂሲሲ 8 የፎርትራን አሬዎች (የቁጥር ድርድሮች) በሜሞሪ ውስጥ የሚገለጹበት መንገድ ራሱ ተቀይሯል። የድሮ ፕሮግራም በአዲሱ ላይብረሪ በማታለል ቢነሳ፣ አሬውን አዛብቶ ሊያነብ ይችላል።

ወዲያው ቢሞት እሰየው ነው። የምፈራው ሳይሞት ቁጥር ሲሰጣችሁ ነው። ያ ቁጥር ግራፍ ይሆናል፣ ግራፉ ምዕራፍ 4 ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፈታኝ ፊት ትቆማላችሁ። ፕሮግራሙን በራሳችሁ ኮምፓይለር እንደገና ሥሩት። ሶርስ ከሌለው የሚፈልገውን ላይብረሪ ፈልጉና ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡለት።

«ጂሊቢሲ 2.34 ኖት ፋውንድ» ይላል። ጂሊቢሲን ላሻሽለው?

በፍጹም። ጂሊቢሲ ሲስተሙ ሁሉ የቆመበት የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ነው። በእጅ የቀየረው ሰው ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ እንኳ የማይሠራበት ማሽን ይዞ ነው የሚመጣው።

የሆነው ይህ ነው። ፕሮግራሙ አዲስ ማሽን ላይ ተሠርቶ አሮጌ ማሽን ላይ መጣ። ኡቡንቱ 20.04 ጂሊቢሲ 2.31 ነው ያለው፣ 22.04 ደግሞ 2.35። አዲሱ የድሮውን ፕሮግራም ያስነሳል፤ አሮጌው ግን አዲሱን አያስነሳም። ያላችሁ ምርጫ አሮጌው ማሽን ላይ ከሶርስ መሥራት፣ ከኮንዳ መጫን፣ ወይም እንደ አፕቴይነር ባለ መሣሪያ ኮንቴይነር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሚፈልጋቸው ፋይሎች ጋር የያዘ ጥቅል፣ መጠቀም ነው። ሱዶ ለሌላችሁ አፕቴይነር መልካም ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ካለ።

«ጂሊቢሲ-ኤክስኤክስ 3.4.30» ይላል። ያው ነው?

ስሙ ይመሳሰላል፣ ነገሩ ሌላ ነው። ይሄኛው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ነው፤ 3.4.30 ከጂሲሲ 12 ጋር ነው የመጣው። ብዙውን ጊዜ የኮንዳና የሲስተሙ ጠብ ነው። አንዱ አሮጌ ይዞ ቀድሞ ይነሳል፣ ሌላው አዲሱን ይፈልጋል። ባሽ-አርሲ ውስጥ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ ካለ መጀመሪያ አጥፉት፤ እኔ ካየሁት ግማሽ ያህሉ እዚያው ላይ ይፈታል። ካልተፈታ ኮንዳው ውስጥ ከኮንዳ-ፎርጅ «ሊብኤስቲዲሲኤክስኤክስ-ኤንጂ»ን አሻሽሉ።

ኮምፓይል ሲደረግ ራሱ «ካናት ፋይንድ ሰረዝ ኤል» ምናምን ይላል።

ይሄ የሎደር ሳይሆን የሊንከር ቅሬታ ነው። ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ አያድነውም። ኡቡንቱ ላይ የላይብረሪውን፣ ስሙ በ«ሰረዝ ዴቭ» የሚያልቀውን ፓኬጅ ጫኑ። የሚሠሩበት ሊንክና ሄደር ፋይሎቹ የሚመጡት ከእሱ ጋር ነው። በሆም ፎልደራችሁ የጫናችሁት ከሆነ ቦታውን «ሰረዝ ትልቁ ኤል» ብላችሁ ንገሩት።

ደብልዩአርኤፍ የሚባለውን የአየር ሁኔታ ሞዴል ልጭን ነው፣ ኔትሲዲኤፍ አለኝ፣ እሱ ግን የለም ይላል።

ያላችሁ የሲው ነው። ኔትሲዲኤፍ ሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው። «ሊብኔትሲዲኤፍ» ለሲ፣ በመጨረሻ አንድ ኤፍ የተጨመረበት «ሊብኔትሲዲኤፍኤፍ» ለፎርትራን። ያቺ ሁለተኛዋ ኤፍ ስንቱን አስለቅሳለች። ደብልዩአርኤፍ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ያውም በአንድ ፎልደር ሥር። የፎርትራኑ ደግሞ ሞዴሉ በሚሠራበት በዚያው ኮምፓይለር የተሠራ መሆን አለበት። «ኤንኤፍ-ኮንፊግ ሰረዝ ሰረዝ ኦል» ብትሉ በምን እንደተሠራ ይነግራችኋል።

ዊንዶውስ ላይ፣ ሊኑክስን በውስጡ በሚያስነሳው በደብልዩኤስኤል ነው የምሠራው። ለውጥ አለው?

ኡቡንቱ ነው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። የግራፊክስ ካርድ ስሌት ከፈለጋችሁ፣ ለእሱ የሚያስፈልገው ላይብረሪ፣ ሊብኩዳ፣ የሚቀመጠው /ዩኤስአር/ሊብ/ደብልዩኤስኤል/ሊብ ውስጥ ነው። ደብልዩኤስኤል ውስጥ የኤንቪዲያ ሊኑክስ ድራይቨር አትጫኑ፤ የዊንዶውሱ ይበቃል።

ማክስ?

ማክ ላይ ተለዋዋጩ «ዲዋይኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» ይባላል። ኤል ካፒታን ከሚባለው የማክ ቨርዥን ወዲህ ግን ሲስተሙ የራሱ ፕሮግራሞች ሲነሱ ያራግፈዋል፣ ስለዚህ ሼል ስክሪፕት ውስጥ ስታልፉ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። በኤልዲዲ ፈንታ «ኦቱል ሰረዝ ትልቁ ኤል» ተጠቀሙ።

እርዳታ ስጠይቅ ምን ልላክ?

ጽሑፍ። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ፣ ያውም የመስኮት ነጸብራቅ ያለበትን ፎቶ አትላኩ። ስህተቱን ከነመጀመሪያ መስመሩ ኮፒ አድርጉ፤ የመጨረሻዋ መስመር ብቻዋን ብዙ ጊዜ አትረዳም። ከሱ ጋር የኤልዲዲውን ውጤት፣ የኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ይዘት፣ የኡቡንቱውን ቨርዥን፣ ኮንዳ መኖር አለመኖሩን ጨምሩ። ምን ምን እንደሞከራችሁም ሳታፍሩ ንገሩኝ። ሊንክ አታልላችሁ ከነበረ እሱንም።

ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ግን አትጠብቁኝ። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ለማንም የሚመልስ የለም።